ዳሺ፦ የጃፓን መረቅ በጎጃም ማጀት

መረቅ ሲባል የጎጃም ባለሙያ ዓይን ላይ የሚመጣው አጥንት፣ ትልቅ ድስትና ግማሽ ቀን የሚንተከተክ እሳት ነው። ዳሺን በዚህ ልማድ የሠራ ሰው ያበላሸዋል። ዳሺ ይበልጥ የሚመስለው ሽሮን ነው፤ ልፋቱ ሁሉ ድስቱ ሳይጣድ አልቋል። ሽሮው ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ቅመም ገብቶበት ተፈጭቶ እንደሚመጣ ሁሉ፣ የቱና ዘመድ የሆነው ካትሱዎ የተባለ ዓሳም ተቀቅሎ፣ ለሳምንታት በጭስ ታጥኖና ደርቆ፣ እንደ እንጨት ሲጠነክር በመላጊያ ተልጎ ይመጣል። ምርጡ ሻጋታ እየተደረገበት ወራት ይሰነብታል። ይህ ካትሱዎቡሺ ይባላል። ጓደኛው ኮምቡ ደግሞ በብዛት የጃፓን ሰሜናዊ ደሴት ከሆነችው ከሆካይዶ የሚወጣ፣ የደረቀ ወፍራም የባሕር አረም ነው።

ለ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ኮምቡና 20 ግራም የካትሱዎ ፍቅፋቂ ያዘጋጁ። ሚዛን ከሌለ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮምቡ ቁራጭ ወደ 10 ግራም ይመዝናል፤ ፍቅፋቂው ሳይጠቀጠቅ 1 ሊትር ጆግ ቢሞላ ወደ 20 ግራም ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስላክ ይሻላል፤ ሁለቱም ክብደት የላቸውም። ኮምቡ እርጥበት ካላገኘው ከዓመት በላይ ይቆያል። ፍቅፋቂው ግን ከተከፈተ አየር ሽታውን ይወስድበታል፤ በደንብ አስሮ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የጣና ዓሳ ቋንጣ ይተካው እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። አይተካውም። ጭስ አላገኘውም፣ በፀሐይ ብቻ ነው የደረቀው፤ ጥሩ የዓሳ ሾርባ ይወጣዋል እንጂ ዳሺ አይወጣውም።

ኮምቡው ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል። ሻጋታ መስሏቸው የሚያጥቡት ጣዕሙን ነው የሚደፉት። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ብቻ ጠረግ ያድርጉለት። ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለው ጃፓናዊ ኬሚስት በ1908 እ.ኤ.አ. ግሉታሜት የተባለውን ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገር ያወጣው ከኮምቡ ነው፤ ጣዕሙንም ኡማሚ ብሎ ሰየመው። በ1913 እ.ኤ.አ. ሺንታሮ ኮዳማ በካትሱዎቡሺ ውስጥ ኢኖሲኔት የተባለ ሌላ ጣዕም ሰጪ አገኘ። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጣዕም እጅግ ያጎላዋል፤ ኮምቡና ካትሱዎ አብረው የሚገቡትም ለዚሁ ነው።

ስለ ውሃው፦ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃው ከባድ ነው፣ ኮምቡም በቀላሉ ጣዕሙን አይለቅበትም። ቀለል ያለ ውሃ ይፈልጉ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ከሸተተ ሳይከደን ይደር። ድስቱም ወጥ ያልለመደ ይሁን፤ ሸክላ ድስት ቅቤና በርበሬውን ይዞ ስለሚቀር ለዳሺ አይሆንም።

ኮምቡውን በቀዝቃዛ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ቢያድር ይመረጣል። በደብረ ማርቆስ ብርድ ከውጭ ቢያድር ምንም አይሆን፣ ባሕር ዳር ግን ፍሪጅ ይግባ። ከዚያ በጣም በዝግታ ያሙቁት። ኮምቡ ጣዕሙን በደንብ የሚሰጠው በ60 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚያ ላይ እስከ 1 ሰዓት ማቆየት ይቻላል። ለዚህ ከቡና የተረፈ ፍም የሚያህል የለም። በረካው ከተጠጣ በኋላ ፍሙን አመድ አልብሶ ድስቱን ከድኖ መጣድ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው፣ እንፋሎት እየወጣ ገና ምንም አረፋ ያልታየበትን ይያዝ።

ኮምቡውን ውሃው ሳይፈላ ያውጡት። ከፈላ ይዝለገለጋል፤ ዝልግልጉ ነገር ወደ መረቁ ይገባል፣ ምሬትም ይከተላል። አሁን እሳቱን ጨመር አድርገው የድስቱ ዳር ላይ አረፋ ሲጀምር ከእሳት ያውርዱ። ፍቅፋቂውን በትነው ይጨምሩ፣ አያማስሉ። 1 ወይም 2 ደቂቃ ውስጥ ይሰምጣል። ወዲያው በነጭ ሻሽ ወይም በነተበ ንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት። ሳሙና የሸተተ ጨርቅ ዳሺውንም ያሸተዋል። እንደ ጎመን አይጭመቁት፤ ከተጨመቀ ይደፈርሳል፣ የዓሳ ጠረኑም ያይላል።

ቀለሙ የደረቀ ገለባ የመሰለ፣ ጥርት ያለ ነው። ቀምሰው «ውሃ ነው እኮ» ብለው እንዳይደፉት። ጨው ያልገባበት ዳሺ ምላስ ላይ ምንም አይመስልም። በስኒ ቀድተው ቁንጥር ጨው ጣል ያድርጉና እንደገና ይቅመሱ፤ ያኔ ይታወቃል። ሚሶ (የጃፓን የፈላ የአኩሪ አተር ሊጥ) ካላችሁ ለአንድ 200 ሚሊ ሊትር ጎድጓዳ ሳህን 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ የሚበጠበጠው ግን ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው።

የተጠለለው ኮምቡና ፍቅፋቂ አይጣልም። በግማሽ ሊትር ውሃ በቀስታ እሳት ይቀቀልና ሁለተኛ ዳሺ ይሆናል። የጃፓን አሠራር 10 ደቂቃ ይላል፤ እዚህ ግን ውሃ ባሕር ዳር ላይ በ94 ዲግሪ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 ገደማ ስለሚፈላ ወደ 15 ደቂቃ ያስጠጉት። ይህ ለድንች ነው፤ ጎጃም ድንች አይቸግረውም። ግማሽ ኪሎ የተላጠ ድንች፣ 400 ሚሊ ሊትር ሁለተኛ ዳሺ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ቆይቶ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ። ስኳሩ ይቅደም፤ ጨዋማው ከቀደመ ጣፋጩ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። 25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

በጾም ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እንተወው፤ ያለ ዓሳ የሚሠራ ዳሺ አለ። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ በሆነው በሾጂን ርዮሪ ዳሺው በኮምቡና በደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ይሠራል። 20 ግራም ሺታኬና 10 ግራም ኮምቡ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ኮምቡው ከወጣ በኋላ እንጉዳዩ በዝግታ ይሞቅና ይጠለላል። በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ፈጣን ይመስላል እንጂ ጣዕሙን ያሳንሰዋል። ቀለሙ ጠቆር፣ ሽታው ከበድ ያለ ነው፤ ለጾም ምስር መቀቀያ ግን ግሩም ነው።

ኮምቡ አዮዲን እጅግ ይበዛበታል። እንቅርት ወይም ሌላ የታይሮይድ ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያዘውትረው።

ዳሺ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ቀን ይቆያል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የዕለቱን ያህል ብቻ ይሥሩ።