ቅይጥ ብረት በከፍተኛ ሙቀት እንዳይለጠጥ፦ በሮለር መዳመጥና ማሞቅ

600 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚሠራ የእንፋሎት ቧንቧ፣ ጫናው ከልክ ባያልፍም በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይለጠጣል። ይህ ክሪፕ ይባላል። ክሪፕን ከሚገቱት ዋነኞቹ ብረቱ ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ የቫናዲየምና የኒዮቢየም ውህድ ቅንጣቶች ናቸው። ሥራውም እነዚህን በሙቀት አሟሙቶ ኋላ ደቃቅ አድርጎ ማውጣት ነው። እዚህ የምንከተለው ግሬድ 91 የተባለውን ቅይጥ ብረት ነው፤ ክሮሚየም 8–9.5፣ ሞሊብዲነም 0.85–1.05፣ ካርቦን 0.08–0.12 በመቶ ይይዛል።

ጥሬውን ብረት ከ1150 እስከ 1200 ዲግሪ ያሙቁ፤ ለየ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ይቆይ። ካነሰ ኒዮቢየሙ በደንብ አይሟሟም፤ ከበዛ ደግሞ የብረቱ ክሪስታሎች ይገዝፋሉ። ከዚያ በሮለር ይዳምጡት። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ከ900 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ክልል ይጨርሱ። በዚህ ሙቀት ሮለሩ የአተሞቹን ረድፍ ያዛንፋል፣ ዝንፈቱም ቶሎ አይጠገንም። ቅንጣቶቹ ኋላ የሚበቅሉት እዚያ ላይ ነው።

እዚህ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የሮለሩን ዝንፈት ለመጠቀም የፈለገ ብረቱን በቀጥታ አቀዝቅዞ ወደ ቴምፐሪንግ (የቀዘቀዘውን ብረት በመጠነኛ ሙቀት ዳግም አሙቆ ተሰባሪነቱን መቀነስ) ይሄዳል። እንደገና ወደ 1060 ዲግሪ ካሞቀው ዝንፈቱ ይጠፋል፤ ብዙዎች ይህን ይዘነጋሉ። ይሁንና ለግፊት ቧንቧ የወጡት ደረጃዎች ኖርማላይዚንግን ስለሚጠይቁ፣ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፦ ከ1040 እስከ 1080 ዲግሪ አሙቆ በአየር ማቀዝቀዝ።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ፣ ከቴምፐሪንግ በፊት ብረቱ ከ100 ዲግሪ በታች ይውረድ። ማርተንሳይት (ብረቱ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው ጠንካራ አወቃቀር) መፈጠር የሚጀምረው 400 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የሚጠናቀቀው ግን በጣም ዝቅ ብሎ ነው። ወፍራም ዕቃ ላዩ ቢቀዘቅዝም እምብርቱ ይዘገያል። ተቻኩሎ ምድጃ ውስጥ የገባ ብረት ያልተለወጠ ኦስተናይት (ብረቱ በከፍተኛ ሙቀት ላይ ሳለ የሚይዘው አወቃቀር) ይዞ ይገባል፤ ያም ኋላ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ማርተንሳይት ይሆናል።

ቴምፐሪንጉ ከ750 እስከ 770 ዲግሪ ይሁን፤ ለ25 ሚሊሜትር ውፍረት ሁለት ሰዓት ያህል። ቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያ ሽቦውን) ዕቃው ላይ ያስሩ፤ የምድጃው ግድግዳ የሚያሳየው ሙቀት ሊያሳስት ይችላል። ወደ 800 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተጠጋ ብረቱ በከፊል ወደ ኦስተናይት ሊመለስ ይችላል። ኒኬልና ማንጋኒዝ ሲበዙ ይህ ድንበር የበለጠ ይወርዳል።

በመጨረሻ ቅርፊቱንና ካርቦን ያጣውን ላይኛ ንጣፍ ሞርደው ጥጥርነቱን ይለኩ። ከ190 እስከ 250 ብሪኔል (የጥጥርነት መለኪያ) ጥሩ ነው። ከ250 ካለፈ ቴምፐሪንጉን ይድገሙት። ከ190 በታች ከሆነ ግን ቴምፐሪንግ አያድነውም፤ ከኖርማላይዚንግ እንደገና ይጀመራል። ቁጥሩ ልክ ስለሆነም ብቻ አይመኑ፤ ድንበሩን አልፎ የሞቀ ብረት በአዲስ ማርተንሳይት ምክንያት ትክክለኛውን ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የምድጃውን የሙቀት መዝገብ ከቁጥሩ ጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ።