«ቲቸር፣ ፕራይም ነው!» ከማለታችሁ በፊት

ደሴ ላይ ማታ ማታ የማስጠናቸው ልጆች አሉኝ። ሰሞኑን 1,022,117ን ሰጠኋቸውና በብቸኛ አካፋዮቹ ተንትኑት አልኳቸው። ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ማለት ከ1 የሚበልጥና ያለ ቀሪ ለ1 እና ለራሱ ብቻ የሚካፈል ቁጥር ነው። አንዱ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ልጅ ነው። ብዙ ገጽ ሙሉ ማካፈል ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ፕራይም ነው!» አለኝ። ከ2 እስከ 997 ያሉትን 168 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ሞክሯል። አንዲት የስሌት ስህተት የለችበትም። 1000 ሲደርስ ግን ደከመውና አቆመ። ቀጣዩ 1009 ነበር። 1,022,117 ደግሞ 1009 ሲባዛ በ1013 ነው። አንዲት ማካፈል ቀርታው!

ልቆጣው አልቻልኩም፤ እንደሱ የሚለፋ ተማሪ ከየት ይገኛል? የሚያበግነኝ ይህንኑ ስህተት በየዓመቱ ማየቴ ነው። ማካፈል የሚቆመው ሲደክማችሁ ወይም ደህና ክብ ቁጥር ላይ ስትደርሱ አይደለም። የሚቆመው ስኩዌር ሩቱ ላይ፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው ላይ ነው። ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ትንሹ ከስኩዌር ሩቱ ሊያልፍ አይችልም። የዚህኛው ከ1011 ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ 1009ን መሞከር ግዴታ ነበር።

ደግሞ ስኩዌር ሩቱን አስቀድሞ ቢያይ ያ ሁሉ ወረቀት ባላለቀ። 1011 በራሱ ሲባዛ 1,022,121 ነው። ከዚያ ላይ የእኛን ቁጥር ቀንሱ፤ 4 ይቀራል። 4 ደግሞ የ2 ካሬ ነው። በቃ! 1011 ሲቀነስ 2፣ 1009፤ 1011 ሲደመር 2፣ 1013። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያመጣው ዘዴ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አይፈጥንም፤ የሚያምርበት ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ነው።

1 ብቸኛ ቁጥር አይደለም። ስንቴ ልናገር?

ቁጥሩ መካፈሉን ለማወቅ አሃዞቹን ደምሮ ድምሩን ማየት ለ3 እና ለ9 ነው የሚሠራው። 10 ለ9 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ነው። ለ7 ሲካፈል ግን 3 ይተርፋል። «1 ሲደመር 6፣ 7 ነው» ብሎ 16 ለ7 ይካፈላል ያለ ልጅ አይቻለሁ። ለ7፣ ለ11 እና ለ13 ሌላ መንገድ አለ፤ የሦስቱ ብዜት 1001 ስለሆነ። ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አሃዝ ቁረጡ፤ አንዱን ቀንሱ፣ ቀጣዩን ደምሩ። 117 ሲቀነስ 22 ሲደመር 1፣ 96። 96 ለሦስቱም አይካፈልም፤ ቁጥራችንም አይካፈልም።

ለ4ም ለ6ም ተካፈለ ማለት ለ24 ይካፈላል ማለት አይደለም። 12ን እዩት።

ኮምፒውተርን ዝም ብላችሁ አትመኑ የምለው በራሴ ደርሶብኝ ነው። አንድ ጊዜ ባለ16 አሃዝ ቁጥር ኤክሴል ላይ ጻፍኩ። መጨረሻው 7 ነበር። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ነው፤ 16ኛውን 0 ያደርገዋል። እኔም ስክሪኑን አይቼ «ለ10 ይካፈላል» ብዬ ደመደምኩ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ደብተሯን ቀና አድርጋ «ቲቸር፣ የሰጡን በ7 ነው እኮ የሚያልቀው» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ።