የሱሉልታን የገጠር ጠላ አጣጥሞ ለመቅመስ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ፣ ገብስ በሚዘራበት በሱሉልታ ዙሪያ የሚጠመቀውን ጠላ ለመቅመስ የሚወጣ ሰው፣ የፋብሪካ ቢራ የሚመዘንበትን ሚዛን ከተማ ትቶ ቢሄድ ይሻለዋል። ለቢራ ምሬቱን የሚሰጠው የሆፕ አበባ ሲሆን ለጠላ የሚሰጠው የጌሾ ቅጠልና እንጨት ነው፤ ቢራ የለመደ ምላስ የጌሾን ምሬት ጉድለት አድርጎ እንዳይቆጥረው ያስፈልጋል።

ከሁሉ የተሻለው ጊዜ አደይ አበባ የሚፈነዳበት መስከረም ነው፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል በየቤቱ ይጠመቃልና። በሌላው ወቅት ጣሳ በእንጨት ጫፍ ተደፍቶ ደጃፉ ላይ የቆመበትን ቤት ይፈልጉ። እንደ ገቡም ከዋጋው በፊት፣ «እማማ፣ ጋኑ መቼ ተከፈተ?» ብለው ይጠይቁ። ጋኑ አፉ ተመርጎ እስካለ ድረስ ጠላው ይጠበቃል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን አየር ስለሚያገኘው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይኮመጥጣል። ትናንት ወይም ዛሬ ጠዋት የተከፈተ ከሆነ ይቀመጡ።

ጠላውን የምትቀዳው ሴት እንግዳው እንዳይሰጋ ጥቂት ጠብታ በመዳፏ አድርጋ አስቀድማ ስትቀምስ ያያሉ። ይህን ልማድ ቀማሹም ቢወርሰው መልካም ነው፤ በመዳፍ ላይ የፈሰሰች ጠብታ በእጅ ሙቀት ስለምትለሰልስ፣ ጋኑ የታጠነበት የወይራ ጭስ ከብርጭቆው ይልቅ ከመዳፍ ላይ ጎልቶ ይሸታል። ጭሱ የተቆላ እህልን ሽታ ሳይሸፍን ከኋላው ከመጣ ጋኑ በልኩ ታጥኗል ማለት ነው። ጭስ ብቻ ከሸተተ ግን፣ በእኔ ግምት፣ የእህሉ ጣዕም ተበድሏል።

ቀለሙ ብዙም አያሳስብዎት፤ የሚጠቁረው በእንኩሮው (በምጣድ በሚታመሰው ሊጥ) እና በአሻሮው (በሚቆላው እህል) መቆላት መጠን ነው።

የመጀመሪያውን ጉንጭ ትንሽ አድርገው በአፍዎ ውስጥ ካዘዋወሩ በኋላ ይዋጡት፤ ፍርድ ግን አይስጡ፣ ምላስ ጌሾውን የሚለምደው ከሁለተኛው ጀምሮ ነውና። በሁለተኛው ላይ ምሬትንና ኮምጣጣነትን ለይቶ ማወቅ ዋናው ሥራ ነው፦ የጌሾ ምሬት ከምላስ ሥር ቀስ ብሎ ይመጣና ከተዋጠ በኋላ ይቆያል፤ የተበላሸ ጠላ ኮምጣጤነት ግን ገና ሳይዋጥ አፍንጫን ይወጋል፣ ጉሮሮንም ይከረክራል። ለስለስ ያለ ጉምዝዝታ የጠላ ተፈጥሮ ስለሆነ አያስደንግጥ። ጣፋጭነቱ የበዛበት ደግሞ ገና ያልደረሰ ነው።

ቅራሪም ካለ ከእርሱ ይጀምሩ፤ በድፍድፉ ቅሪት ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣ በመሆኑ ቀላል ነው፣ ከጠንካራው በኋላ ከተቀመሰ ግን ውኃ ብቻ ይመስላል። ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ የአልኮል መጠን ሲኖረው፣ ፊልተር የሚባለው የተጣራ ጠላ ከዚህ ስለሚበልጥ መጨረሻ ላይ ይቀመስ፤ የእንጦጦን ቁልቁለት መኪና ይዞ የሚመለስ ሰው ደግሞ ባይቀምሰው ይመረጣል።

በሁለት ዓይነቶች መካከል አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ይቆርጥሙ፤ አፍን ያጸዳል፣ ጠላው የተጠመቀበትን እህል ጣዕምም ያስታውሳል። ብርጭቆው ሊያልቅ ሲል ግርጌው ላይ የሚታየው አተላ እንዳይደፈርስ ቀስ ብለው ያዘንብሉት፤ የመጨረሻዋን ጉንጭ ለእርሱ ይተዉለት።