የእጅ ሻንጣና ተባይ፦ ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሮም የሚሄድ መንገደኛ ስለ ሻንጣው ክብደት አብዝቶ ይጨነቃል፤ ስለ ንጽሕናው ግን እምብዛም አያስብም። ሻንጣው ከማያውቀው ሰው ሻንጣ ጋር ተጠጋግቶ ለሰዓታት ይቀመጣል። ክንፍ የሌለው ትኋን ከአገር አገር የሚሻገረው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከቁም ሳጥን ላይ የወረደን ሻንጣ ሳይመረምሩ ልብስ መክተት ነው። ዚፑን እስከ ጫፉ ከፍተው የስፌቱን መስመርና የገበሩን ጥግ በባትሪ ይመልከቱ። የሚፈልጉት ጠፍጣፋ፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ የተልባ ፍሬ የሚያህል ተባይ ነው። እሱ ባይታይም ትናንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም የተገፈፈ ቅርፊት ካለ ሻንጣው ተጠርጣሪ ነው። ባዶውን ስለከረመ ጸድቷል ማለት አይቻልም፤ ትኋን ደም ሳይመጥ ለወራት ይቆያል።

ስንቅም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነቀዝ እንቁላሉን በሽምብራው ላይ ይጥላል፤ ትሉ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ላዩ ንጹሕ የሚመስል ጥሬ ውስጡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ቆልቶ መያዝ ይሻላል። ቅቤና ቋንጣን በተመለከተ፣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ውጤቶችን ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዲገባ አይፈቀድም። እናት ደክማ ያነጠረችው ቅቤ ጉምሩክ ላይ ሲጣል ማየት ያሳዝናልና አስቀድመው ይጠይቁ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት እህል እንዳይነቅዝ ተብሎ ጎተራ ውስጥ የሚደረገውን ኪኒን ከስንቅ ጋር መቋጠር ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ይህ መድኃኒት እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያመነጫል። መንገደኛ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ ይዞት መሳፈር ክልክል ነው። «አንዲት ፍሬ ብቻ ናት» የሚል ዘመድ ቢኖር እንኳ አይስሙት፤ የሰው ሕይወት ነው።

በበረራ ላይ የምግብ ትራፊን በመቀመጫው ኪስ መወሸቅ በረሮና አይጥ ይጠራል። አይጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለምትቆረጥም ጉዳዩ የደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ከኦስሎ ወደ ማላጋ ይበር የነበረ አውሮፕላን ከተሳፋሪ ምግብ ውስጥ አይጥ በመውጣቷ ኮፐንሃገን ለማረፍ ተገድዷል።

ተባይ አይቶ ዝም ማለትም ጥፋት ነው። ብዙዎቻችን የምናፍረው ትኋንን ከድህነት ጋር ስለምናያይዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የፓሪስ ሰው ሁሉ መነጋገሪያው ትኋን ነበር። የበረራ አስተናጋጇን ጠርተው የመቀመጫዎን ቁጥር ይንገሯት፤ ካልተነገራት ቀጣዩ ተሳፋሪ እዚያው ይቀመጣል።

ቤት ሲደርሱ ደግሞ ሻንጣውን አልጋ ላይ አይዘርግፉ። ልብሱን በፌስታል ቋጥረው በቀጥታ ወደ ማጠቢያ ይውሰዱት፤ በ60 ዲግሪ ይታጠብ ወይም በጣም በሚሞቅ ማድረቂያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይቆይ። ፌስታሉን አስረው ወዲያው ከቤት ያውጡት።