ጋርዴኒያን ደሴ ላይ በመስታወት በረንዳ ስታሳድጉ የምትስቷቸው ነገሮች

ጋርዴኒያ የቡና ዘመድ ናት፤ ሁለቱም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባሉ። ቅጠሏ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ ነጩ አበባዋም ቤቱን በመዓዛው ያውደዋል። ኮምቦልቻ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለሚል ግድግዳ ጥግ ከለል ያለ ቦታ ይበቃታል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይጎዳታል። ለዚህ ነው መስታወት የሚያስፈልጋት፤ ብዙው ጥፋትም የሚመጣው ከዚያው ከመስታወቱ ነው።

በረንዳውን ቀን ከሌት ዘግቶ መተው። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የተዘጋ በረንዳ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ማታ ደግሞ የጦሳ ተራራ ብርድ አለ። ጋርዴኒያ እንቡጥ የምትይዘው ሌሊቱ ከ15 እስከ 18፣ ቀኑ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ አካባቢ ሲሆንላት ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ እንቡጡ ገና አረንጓዴ እንዳለ ከአንገቱ ይረግፋል። ባለቤቱ ውሃ የጠማት ይመስለውና ይጨምርላታል፣ ሥሯም ይበሰብሳል። ረፋድ ላይ ክፈቱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝጉ፣ ቀትር ላይ ስስ መጋረጃ ጣሉ። ቫዞውን ከሲሚንቶው ወለል በጣውላ ከፍ አድርጉት፤ ሥሯ ከበረደ ምግብ መሳብ ያቅታታል።

አመድ ማድረግ። ለጓሮ ጎመን የለመድነውን አመድ ለእሷ አታሳዩአት። የምትፈልገው አሲዳማ አፈር ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 እስከ 6 የሆነ። አመድ ሲበዛባት ብረት መሳብ ስለማትችል የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ይሆናል። ይህን በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ዘመዷ ነው ብሎ የጀበና አተላ ቫዞው ላይ መድፋትም አያዋጣም፤ ይጋገርና ይሻግታል። ብስባሽ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ቢገባ ግን ደህና ነው። ጨው የነካው ቡና ከሆነማ፣ የወሎ ሰው ያውቀዋል፣ ጨርሶ አይቅረባት።

ውሃውም ያው ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ከሆነ ኖራው አፈሩን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ከቆርቆሮው ላይ በበርሜል አጠራቅሙ፤ ከማጠጣታችሁ በፊት ቅዝቃዜው ይሰበርለት።

እንቡጥ ከያዘች በኋላ ማንቀሳቀስ። እንግዳ መጣ ተብሎ ሳሎን ገብታ ማግስቱን ስትመለስ እንቡጧን ታራግፋለች። እንግዳው በረንዳ ድረስ ይሂድ።

ዘግይቶ መግረዝ የሚቀጥለውን አበባ ያስቀራል፤ አበባው እንዳለቀ ግረዙ።

የቅጠሉን ጀርባ አለማየት። ነጭ ዝንብና ክሽክሽ የሚባሉት ተባዮች የሚደበቁት እዚያ ነው። ቅጠሉ ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር ካያችሁ ከርመዋል ማለት ነው፤ በቀጭን የሳሙና ውሃ እጠቡት። የፈካውን አበባ ግን ውሃ አታስነኩት፣ ቡናማ ነጥብ ያወጣል። ነጩ ወደ ቢጫ ሲዞር አትደንግጡ፣ እርጅና ነው፤ ቀንጥሱት።