በሳይንሳዊ ልብ ወለድ አድናቂዎች ጉባኤና መጽሔት ዙሪያ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ወደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አድናቂዎች ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከሚፈጽማቸው ስህተቶች የሚከፋው ራሱን እንደ ደንበኛ መቁጠሩ ነው። ገንዘብ ስለ ከፈለ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ እንዲጠብቀው ይፈልጋል፤ ውይይቱ ሲዘገይ ወይም የድምፅ ማጉያው አልሠራ ሲል መግቢያው ላይ የተቀመጠችውን ወጣት እንደ ተቀጣሪ ይቆጣታል። እርሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈላት በጎ ፈቃደኛ ስትሆን፣ የራሷንም የአባልነት ክፍያ ከኪሷ የሸፈነች ልትሆን ትችላለች። በእርግጥ ለትርፍ የሚዘጋጁ፣ ተዋንያን ፊርማቸውንና አብሮ ፎቶግራፍ የመነሣትን ዕድል የሚሸጡባቸው ትልልቅ ትርኢቶች አሉ፤ እዚያ ትኬት የገዛ ሰው ደንበኛ ነውና ቢያማርር አይፈረድበትም። አድናቂዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ጉባኤ ግን በሌላ ሥርዓት ይመራል። ከከተማ ወደ ከተማ የሚዘዋወረው ዓመታዊው የዓለም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ፣ ማለትም ወርልድኮን፣ በአባልነት ላይ የቆመ ነው። አባል የሆነ ሰው እ.ኤ.አ. በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሰጠው፣ የዘርፉ ምርጥ ሥራዎች ለሚሸለሙበት የሁጎ ሽልማት ዕጩ ይጠቁማል፣ ድምፅም ይሰጣል፤ ደንቡን ለማሻሻል በሚደረገው ስብሰባም ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ይህን ሁሉ መብት በእጁ ይዞ ሳይጠቀምበት የቀረ፣ ነገር ግን ሽልማቱ ለማይገባው ሰው ተሰጠ እያለ ዓመቱን ሙሉ የሚያጉረመርም አባል ባየሁ ቁጥር ትዕግሥቴን እፈተናለሁ።

ነባሩ አድናቂም የራሱ ስህተት አለው፤ እርሱም አዲስ መጤውን እንደ ተማሪ መፈተን ነው። «እገሌን አንብበሃል? የመጀመሪያውን እትም ታውቀዋለህ?» እያለ የሚያፋጥጥ ሰው ማኅበረሰቡ እንዴት እንደ ተወለደ የዘነጋ ይመስለኛል። ሁጎ ገርንስባክ እ.ኤ.አ. በ1926 የመሠረተው «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለው መጽሔት የአንባቢዎቹን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ስለ ነበር፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች በቀጥታ መጻጻፍ ጀመሩ፤ ከመጻጻፍ አልፈው ክበብ አቋቋሙ፣ ከክበብም ጉባኤ ተፈጠረ። ከእነዚያ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ማንም ፈተና አልተሰጠውም። በር የመዝጋቱ ልማድም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1939 በኒው ዮርክ በተካሄደው የመጀመሪያው ወርልድኮን ላይ አዘጋጆቹ ረብሻን በመፍራት «ፊውቸሪያንስ» ከተባለው ተቀናቃኝ ቡድን ስድስት ሰዎችን እንዳይገቡ ከልክለዋል። ከተከለከሉት መካከል የነበሩት ፍሬድሪክ ፖልና ዶናልድ ዎልሃይም ከጊዜ በኋላ ዘርፉን ከቀረጹት ታላላቅ አርታኢዎች ተርታ መሰለፋቸውን ሳስብ፣ በር ጠባቂነት ምን ያህል አርቆ የማያይ ሥራ እንደ ሆነ ይታየኛል። በፊልም ወይም በጨዋታ በኩል የመጣው ወጣት መጻሕፍቱን ገና ስላላነበበ ከማሸማቀቅ ይልቅ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ማዋስ ይሻላል።

በጉባኤው ቀናት ስለሚታዩት ስህተቶች ብዙ ማለት አያስፈልግም። መርሐ ግብሩን ከጠዋት እስከ ሌሊት አጨናንቆ መያዝ፣ እንቅልፍንና ምግብን መርሳት የተለመደ ነው፤ ነባሮቹ በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ሁለት ጊዜ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ገላ መታጠብ የሚሉት ሕግ ቀልድ ቢመስልም በሦስተኛው ቀን በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ቀልድ አይደለም። ጥያቄ እጠይቃለሁ ብሎ ድምፅ ማጉያ ከተቀበለ በኋላ የራሱን ንድፈ ሐሳብ የሚያብራራ ተሳታፊ የሌሎችን ጊዜ ይወስዳል። የገጸ ባሕርይ አልባሳት የለበሰን ሰው ሳያስፈቅዱ መንካትም ሆነ ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው፤ አለባበሱ ፈቃድ አይደለም። ደራሲን በመተላለፊያ አስቁሞ ያልታተመ ረቂቅ ማስጨበጥም እንዲሁ ሊቀር ይገባል።

ሰፋ ያለ ቦታ ልሰጠው የምፈልገው ጉዳይ አድናቂዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት መጽሔት፣ ፋንዚኑ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያ እትማቸው እንከን የለሽ እስኪሆን ሲጠብቁ አንድም ገጽ ሳያወጡ ይቀራሉ። የዘርፉ የመጀመሪያ ፋንዚን ተደርጎ በአብዛኛው የሚጠቀሰው፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1930 በቺካጎ የወጣው «ዘ ኮሜት»፣ የአንድ የመጻጻፊያ ክበብ ልሳን ነበር። ኋላ ታዋቂ ደራሲ የሆነው ሬይ ብራድበሪም ሃያ ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ1939 የራሱን ፋንዚን ጀምሮ ከአራት እትሞች በኋላ አቁሞታል፤ የመቆሙ ነገር ዛሬ እንደ ውድቀት አይቆጠርም። ለአሥርት ዓመታት ፋንዚኖች በስቴንስል እየተባዙ ከነፊደል ግድፈታቸው በፖስታ ይሰራጩ ነበር፤ አንባቢዎቹም ግድፈቱን ሳይሆን ሐሳቡን ያሳድዱ ነበር። ስለዚህ ጀማሪ አዘጋጅ በየወሩ አወጣለሁ ብሎ ቃል ከመግባት፣ ጥቂት ገጾችን ጨርሶ ማውጣትና ቀጣዩን ሲደርስ ማለት ይበጀዋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ስህተት ፋንዚንን እንደ ሸቀጥ መተመን ነው። በቆየው ልማድ መሠረት አዘጋጁ መጽሔቱን የሚልከው የራሱን ፋንዚን በልዋጭ ለሚሰጥ፣ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ለሚያበረክት፣ አለዚያም ስላነበበው ነገር የአስተያየት ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ነው። የኅትመት ወጪን ለመሸፈን ገንዘብ መቀበል ክፉ ባይሆንም፣ ደብዳቤውን የሚተካ ግን አይደለም። ተቀብሎ ዝም የሚል አንባቢ የሚጎዳው አዘጋጁን ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለው እትም የደብዳቤ ዓምድ የሚሞላው በእርሱ ብዕር ነበርና። ደብዳቤው ሲጻፍም «ድንቅ ነው፣ በርቱ» የሚለው ቃል ለአዘጋጁ ደስታን እንጂ የሚታተም ነገር አይሰጠውም፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ ባለው አንድ መከራከሪያ አለመስማማት የበለጠ ያገለግለዋል። ክርክሩ ወደ ጸሐፊው ሰብእና ሲዞር ግን አዘጋጁ ቆርጦ የማውጣት ኃላፊነት አለበት፤ በሁለት ሰዎች ጠብ ምክንያት ክበብ ሲፈርስ አዲስ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገር ግን ኋላ የማይታረሙ ግድፈቶች አሉ። ቀን፣ የእትም ቁጥርና የአዘጋጁ ስም የሌለው ፋንዚን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የት እንደሚመደብ አይታወቅም። ያለ ሠዓሊው ፈቃድ የተወሰደ ሥዕል መጽሔቱ በነፃ ቢታደልም እንኳ የተወሰደ ነው። የቆዩ እትሞችን እንደ ተራ ወረቀት መጣልም ትልቅ ጥፋት ነው፤ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሄቨሊን የተባለውን የፋንዚን ስብስብ ተቀብሎ ጠብቆታል፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተመሳሳይ ክምችት አላቸው። ስለዚህ ሳጥኑን ከቤት ከማውጣት በፊት የእትሞቹን ስም፣ ቁጥርና ቀን በዝርዝር ጽፎ እንዲህ ላለ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መላክ፣ መልሱ እስኪመጣም ሳጥኑን ከእርጥበትና ከፀሐይ ማራቅ ይገባል።