የ1951ን የራዳርና የኮምፒውተር ሙከራ በኳስ ሜዳ ላይ እንዴት እናሳይ?

ደምበጫ ሂሳብ አስተምራለሁ። ሳይንና ኮሳይን ሲነሳ «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ይጠቅመናል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱን ሰሌዳ ላይ አልጽፍም። ወደ ኳስ ሜዳ ይዣቸው እወጣለሁ። እናንተም ሞክሩት።

ታሪኩን በአጭሩ ንገሯቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሶቪየት ኅብረት በ1949 የአቶም ቦምብ ስትሞክር አሜሪካኖች ደነገጡ። ቦምብ ጭኖ የሚመጣን አውሮፕላን ከሩቅ የሚያይ ራዳርማ ነበራቸው። የቸገራቸው ራዳሩ ያየውን ቶሎ ማቀናጀት ነው። አንዱ ነጥቡን ያያል፣ በስልክ ይናገራል፣ ሌላው ጠረጴዛ ላይ ምልክት ያደርጋል። የበቆሎ ጠባቂ ማማ ላይ ሆኖ «ጦጣ መጣ!» ብሎ ሲጮህ ባልንጀራው እስኪሰማ ጦጣው ሌላ ማሳ እንደሚገባው ማለት ነው። ስለዚህ አሜሪካ፣ ቤድፎርድ ያለው ራዳር ያየው ሁሉ ቁጥር ሆኖ በስልክ መስመር እንዲሄድ ተደረገ። የሚደርሰው እዚያው አሜሪካ ካምብሪጅ፣ ኤምአይቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ዊርልዊንድ የተባለ ኮምፒውተር ነው። ዊርልዊንድን የሠራው የጄይ ፎሬስተር ቡድን ነበር።

አሁን ወደ ሜዳው። አንድ ችካል ትከሉ። ገመድ አስራችሁ በየ5 እርምጃው ክብ አስምሩ፣ እስከ 25 እርምጃ ድረስ። ኖራ ከሌለ አመድ ይበቃል። ጠዋት ፀሐይዋን በቀኝ እጃችሁ አድርጋችሁ ስትቆሙ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው፤ የሰሌዳውን ትልቅ ፕሮትራክተር ዜሮ ወደዚያ አዙሩ።

ችካሉ ጋ የሚቆሙት ሁለት ልጆች «ራዳር» ናቸው። አንዱ ጠላት የሚሆነውን ልጅ ያነባል፣ ሌላው እሱን ለመያዝ የሚላከውን አሳዳጅ። «ጠላት» ቀስ ብሎ ይራመዳል። እናንተ በየ20 ሰከንዱ ታጨበጭባላችሁ፤ ራዳሮቹ ዲግሪና እርምጃ ይጠራሉ። «ኮምፒውተር» የሚሆኑት ልጆች ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሜዳውን ካዩ ጨዋታው ፈረሰ።

ሥራቸው ይሄ ነው። ራዳሩ «30 ዲግሪ፣ 20 እርምጃ» ካለ፣ 20ን በሳይን 30 ያባዛሉ፤ ወደ ምሥራቅ 10። በኮሳይን ሲያባዙ ወደ ሰሜን 17.3። ግራፍ ወረቀት ላይ ነጥብ። ቀጥሎ «45፣ 20» ከተባለ ሁለቱም 14.1 ናቸው። ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ 4.1፣ ወደ ደቡብ 3.2። ያንኑ ልዩነት አንዴ ድገሙት፤ ጠላት በሚቀጥለው ጭብጨባ ምሥራቅ 18፣ ሰሜን 11 አካባቢ ይገኛል። አሳዳጁ ዓይኑ በነጠላ ታስሯል። የሚላከው ጠላት ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው።

የመጀመሪያውን ዙር በካልኩሌተር ብቻ ይጫወቱት። ይዘገያሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ጠላት ያመልጣል። ይህን ዙር አትዝለሉት ብዬ እለምናለሁ፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው። አውሮፕላን ቆሞ አይጠብቅም። በዚያ ዘመን ብዙ ኮምፒውተሮች ሥራ ተቀብለው በራሳቸው ጊዜ የሚመልሱ ነበሩ። ዊርልዊንድ ግን እየተከተለ ማስላት ነበረበት። ለሁለተኛው ዙር ልጆቹ በየ5 ዲግሪው የሳይንና ኮሳይን ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ይምጡ። ያኔ ለውጡን ታያላችሁ።

አንድ ልጅ «ማስታወሻ» ይሁን፤ ያለፈውን ነጥብ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለውን ልጅ ነው የምመርጠው። ዊርልዊንድ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ቶሎ ቶሎ በሚበላሹ ቱቦዎች ነበር። በ1953 በጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ሲተኩለት ፍጥነቱም አስተማማኝነቱም ጨመረ።

ሲለምዱት ሁለተኛ ጠላት አስገቡ፤ መንገዳቸው ይቋረጥ። የትኛው ነጥብ የማን እንደሆነ ይጠፋቸዋል። ኤምአይቲዎች ለዚህ በእጅ የሚያዝ የብርሃን ሽጉጥ ነበራቸው። ኦፕሬተሩ ስክሪኑ ላይ ነጥቡን ሲነካበት ኮምፒውተሩ የትኛውን እንደሚከተል ያውቃል። እኛ ቀይ እስክሪብቶ እንጠቀማለን።

ለነጥብ አሰጣጥ አሳዳጁ በ3 እርምጃ ውስጥ ከደረሰ ያዘው በሉ። ሚያዝያ ላይ ከሆነ ኤፕሪል 20ን ጠብቁ። በ1951 በዚያ ቀን ዊርልዊንድ አንድን አሳዳጅ አውሮፕላን 3 ጊዜ መርቶ ዒላማው አጠገብ አድርሶታል፤ ርቀቱ 900 ሜትር ገደማ ነበር። ልጆቹ «ይሄማ ሩቅ ነው፣ እኛ እንበልጣለን» ይላሉ። ይበሉ።